በሁለት ፋሲካ መካከል

ሰው ከሀገሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጎድልበት ነገር ምንድን ነው? እንጀራ የሚል አለ፤ ቡና የሚል አለ፤ ቋንቋ የሚልም አይጠፋም። እኔም ብጠየቅ ኖሮ ከእነዚህ አንዱን እመልስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከአንድ ወጣት ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቁጭ ብዬ ከተጫወትሁ ወዲህ ግን መልሴ ተለውጧል። ሰው ከሀገሩ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጎድልበት የሚያየው ሰው ነው።

ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በባዕድ ከተማ ጎዳና የሚተላለፈው ሕዝብ ሁሉ ዓይን አለውና። ግን የዚያ ሕዝብ ዓይን ያያል እንጂ አያውቅም። የእኛ ሰፈር ዓይን ሌላ ነው። በሁዳዴ ብዙው ሉካንዳ ይዘጋል፤ ያልተዘጋ ቢገኝ እንኳ ደጃፉ ላይ የታየ ሰው ወሬው እስከ ማታ ከሦስት ቤት ቡና ጋር ይጠጣል። ማን እንደጾመ፣ ማን ቅዳሴ እንደቀረ፣ ማን እናቱን ሳይጠይቅ እንደሰነበተ የሚመዘግብ ጸሐፊ ባይኖርም መዝገቡ ግን አለ። ይህን መዝገብ ስናማርረው እንኖራለን። ቢሆንም እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከምንኮራባቸው በጎ ልማዶቻችን ውስጥ ስንቶቹ ናቸው በራሳቸው እግር የቆሙት? ስንቶቹስ በጎረቤት ዓይን ተደግፈው ነው የቆሙት?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ስለ አንድ እረኛ የሚነገር ተረት አስፍሯል። እረኛው ምድር ተሰንጥቃ ባገኘው ዋሻ ውስጥ ከአንድ ሬሳ ጣት ላይ ቀለበት ያወልቃል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ ውስጥ ባዞረው ጊዜ ከሰው ዓይን ይሰወራል። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ንግሥቲቱን አሳስቶ፣ ንጉሡን ገድሎ፣ ዙፋኑን ያዘ። ተረቱን የሚያወጋው ግላውኮን የሚባል ወጣት ነው። ጥያቄውም አጭር ነው። ይህን ቀለበት ለጻድቅ ሰው ብትሰጡት ጻድቅ ሆኖ ይቀራልን?

በእኔ አስተያየት ስደት ከዚያ ቀለበት ጋር ይመሳሰላል። ቦሌ ላይ አውሮፕላን የተሳፈረ ወጣት፣ በማግሥቱ በማያውቀው ከተማ ሲነቃ ፈርጡ ወደ ውስጥ ዞሯል። የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚያድርበትን የሚያውቅበት የለም። ሰው ራሱን መርምሮ ለማወቅ እንዲህ ያለ አጋጣሚ እምብዛም አያገኝም።

* * *

ወጣቱ የሰፈሬ ልጅ ነው። ስሙ ይቆየን። እናቱን እኛ የሰፈሩ ልጆች እትዬ ብለን ነው የምንጠራቸው። ቤተሰቡ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊክ ነው። ይህን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ከሀገራችን ካቶሊካውያን መካከል፣ በተለይ በደቡብ፣ የላቲኑን ሥርዓት የሚከተሉ ብዙ ናቸው። በሰሜኑና በአዲስ አበባ ደግሞ በግእዝ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ አሉ። እነርሱ እምነታቸው ከሮም ጋር ነው፤ ዜማቸው፣ ከበሯቸውና ጸናጽላቸው ግን የዚሁ ሀገር ነው። ፋሲካንም ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። እትዬም ሁዳዴን የሚጾሙት ሰፈሩ ሲጀምር ጀምረው፣ ሰፈሩ ሲፈታ ፈትተው ነው። ጾሙን በሚመለከት በእሳቸውና በግድግዳ በሚዋሰኗቸው ባልቴት መካከል ልዩነት አይቼ አላውቅም።

ልጁ ምሕንድስና ለመማር ሮም ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የትምህርት ዕድሉ የሸፈነለት ከፊሉን ወጪ ብቻ ስለሆነ፣ ቱስኮላና በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ባል የሞተባቸው አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አሮጊቷ አንድ ልጅ አላቸው፤ እሱም ኑሮው አውስትራሊያ ነው።

ያወጋኝ ስለ አንድ ቀን ነው። ቀኑ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 31 ቀን 2024፣ እሑድ ነበር። በዚያች እሑድ ሮም ፋሲካን ስታከብር አዲስ አበባ ሁዳዴ ላይ ነበረች፤ ጾሙ ከተያዘ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለሚውል በሁለቱ ፋሲካዎች መካከል ድፍን አምስት ሳምንት ነበር። የልዩነቱ መነሻ እዚያው ሮም ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 የዘመን አቆጣጠሩን ሲያርሙ፣ የእኛ ባሕረ ሐሳብ በጥንቱ ስሌት ቀጠለ። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ስሌቶች ይገናኛሉ፤ አንዳንድ ዓመት እንዲህ ይራራቃሉ።

ያቺ እሑድ በእኛ ሥርዓት መጻጉዕ ትባላለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ስለኖረው በሽተኛ የሚነበብባት ቀን ናት። ያ ሰው መዳን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ልጁ ይህን ታሪክ ሲያነሳብኝ ፈገግ ብሎ ነበር። «ሮም ገብቼ እስክለምድ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበርኩ» አለኝ።

ጧት ሲነሳ አንድ ሰዓት ጠፍቶበታል። አውሮፓውያን ለበጋው ሰዓታቸውን ወደ ፊት የሚገፉት በዚያው ሌሊት ስለነበር ነው። በሮምና በአዲስ አበባ መካከል ያለው የሁለት ሰዓት ልዩነት ወደ አንድ ዝቅ አለ። «ወደ ቤት አንድ ሰዓት የቀረብኩ መሰለኝ» አለ። ሜትሮ ተሳፍሮ ኦታቪያኖ ከሚባለው ጣቢያ ወረደና ከሕዝቡ ጋር ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ገባ። አደባባዩ እንደ ልማዱ ከሆላንድ በመጣ አበባ አጊጧል። የዚያን ጊዜው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከቅዳሴው በኋላ፣ በቀትር፣ ለከተማይቱና ለዓለም ቡራኬ ሰጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲደሰት የእኛ ልጅ ግራ ገብቶት ቆሟል። ነገሩን ሲገልጽልኝ፣ «በጆሮዬ ትንሣኤ ነው፤ በሆዴ ሁዳዴ ነው» አለ።

ከባሲሊካው ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት እዚያ ተጠግተው ሳሉ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙትም እዚያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ልጁ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር፣ እነዚያ መነኮሳት በሁለት ፋሲካ መካከል ሲያዙ ምን ያደርጉ ነበር እያለ ያስባል።

ቤቱ ሲደርስ ገበታው ተዘርግቷል፤ ሁለት ሰሐን፣ ሁለት ብርጭቆ። የሮም ሰው በፋሲካ የሚበላው የጠቦት ሥጋ በምድጃ ተጠብሶ ይሸታል። በእርግብ ቅርጽ የተጋገረው ጣፋጭ ዳቦም ጥግ ላይ ተቀምጧል። አሮጊቷ ልጁ ጿሚ መሆኑን ያውቃሉ፤ የራሳቸው ጾም ሲያልቅ የእሱም ያለቀ መስሏቸው ነው ያዘጋጁት። ስለ ሁለቱ አቆጣጠር በጣልያንኛ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አዳምጠውት አዳምጠውት፣ «አንተ ልጅ፣ ክርስቶስ ስንት ጊዜ ነው የሚነሣው?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ወደ ሰሐኑ ተመለከቱ። ሰሐኑ የልጃቸው ነው። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ በፋሲካ ሁለት ሰሐን ሲያቀርቡ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

ልጁ ተቀመጠ፤ በላም። «ጋሼ፣ ልዋሽህ አልፈልግም፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር» አለኝ። «እንደ መድኃኒት እየመረረኝ ብውጠው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ጣፈጠኝ።»

* * *

ታዲያ ይህ ልጅ በደለ ወይስ አልበደለም? እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ ግን ያነበብሁትን ላካፍል።

ሕጉን ብንጠይቅ ልጁን ነጻ ያወጣዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጁት የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የሕግ መጽሐፍ በ883ኛው ቀኖናው፣ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ክልል ውጪ የሚኖር ምእመን በበዓላትና በጾም ቀናት ረገድ የሚኖርበትን ስፍራ ሥርዓት ለመከተል ይችላል ይላል። ልጁ ይህን አንቀጽ ያውቀዋል፤ ከምሳው በኋላ ክፍሉ ገብቶ ፈልጎ አንብቦታል። ከመብላቱ በፊት ሳይሆን ከበላ በኋላ ሕግ መፈለጉ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል።

ታሪክንም ብንጠይቅ እንዲሁ ነው። «ሮም ስትሆን እንደ ሮማውያን ሁን» የሚለው የዓለም ሁሉ አባባል የተወለደው ከጾም ጥያቄ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በአራተኛው መቶ ዓመት ሞኒካ የተባለች የሰሜን አፍሪካ እናት ልጇን አውግስጢኖስን ተከትላ ሚላኖ ገባች። በሀገሯ ቅዳሜ ይጾማል፤ ሚላኖ ግን አይጾምም። ሴትዮዋ ተጨነቀች። ልጇ ስለ እሷ ብሎ የከተማይቱን ጳጳስ አምብሮስዮስን ጠየቃቸው። ጳጳሱም ሮም ሲሄዱ ቅዳሜን እንደሚጾሙ፣ ሚላኖ ሲሆኑ እንደማይጾሙ ነግረው፣ ሰው በሄደበት ስፍራ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ልማድ እንዲይዝ መከሩት። አውግስጢኖስ ነገሩን ኋላ ለያኑዋርዮስ በጻፈው ደብዳቤ ተርኮታል። ዛሬ ቱሪስት ሁሉ ስፓጌቲ ሲያዝ የሚጠቅሰው አባባል መነሻው የአንዲት እናት የጾም ጭንቀት ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ሐዋርያው ጳውሎስ ለዚያችው ለሮም ከተማ ምእመናን በጻፈው መልእክት፣ በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ፣ ሁሉን የሚበላውና አትክልት ብቻ የሚበላው እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ ይመክራል። የግብፅ በረሃ አባቶችም እንግዳ ሲመጣባቸው ጾማቸውን ትተው አብረው ይበሉ እንደነበር ተጽፏል። ጾም ሁልጊዜ አብሮን አለ፤ እንግዳው ግን ነገ ይሄዳል፤ ፍቅርን ደግሞ ለነገ ማሳደር አይቻልም የሚል ነበር ምክንያታቸው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ አንባቢ ብድግ ይላል። «ሰበብ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ዛሬ ለአሮጊቷ ሲባል ተበላ፤ ነገ ለጓደኛ፣ ከነገ ወዲያ ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይበላል። የጾም አጥር በአንድ ቀን አይፈርስም፤ አንድ አንድ ድንጋይ እየተነሳለት ነው የሚያልቀው።» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እኔም ልጁን ይህንኑ ጠየቅሁት።

መልሱ ይህ ነበር። የሮም ሰው ከፋሲካ ማግሥት ሰኞ ምግቡን ይዞ ከከተማ ወጥቶ በመስክ ይውላል። የክፍል ጓደኞቹም ጠሩትና አብሯቸው ሄደ። ሥጋ ተጠበሰ፤ እሱ ግን ዳቦና ቲማቲም በልቶ ተመለሰ። ማንም አልጠየቀው፤ ማንም ቅር አላለው፤ ማንም ልብ አላለው። «እዚያ ሰሐን ይዛ የምትጠብቀኝ እናት አልነበረችም» አለኝ።

እንደሚመስለኝ ግላውኮን ለጠየቀው ጥያቄ ትንሽ መልስ እዚህ አለ። ቀለበቱ በጣቱ እያለ፣ እሑድ ለሰው ሲል በላ፤ ሰኞ ለማንም ሳይል ጾመ። የእሑዱን ያየች አንዲት አሮጊት ናት፤ የሰኞውን ያየ ግን ማንም የለም። የሰኞው ጾም በራሱ እግር የቆመ ነው። ስለዚህ በሥጋው ጉዳይ እኔ ብጠየቅ ልጁን አልከሰውም።

ነገር ግን የቀኑ ታሪክ በሥጋው አላለቀም።

* * *

በዚያው እሑድ፣ በሮም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው እናቱ ዘንድ ደወለ። እትዬ መጀመሪያ ስለ ጤናው፣ ቀጥለው ስለ ብርዱ፣ ከዚያ ስለ ትምህርቱ ጠየቁ። በመጨረሻም፣ «ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል ልጄ?» አሉ።

«ደህና ነው እማዬ።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ምስር።»

ይኸው ነው። አንድ ቃል ናት። እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የከበደችው ይህች ቃል እንጂ ሥጋው እንዳልሆነ ነው የነገረኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ እንደሸጠ ይተርካል። የእኛ ልጅ ምስሩን እንኳ አልበላም፤ ስሙን ብቻ ጠርቶ ነው የከሰረው።

ለምን ዋሸ? «እንዳታዝን ብዬ» አለ። አዎን፣ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። የርኅራኄ ውሸት ከውሸት ሁሉ መልከ መልካሟ ናት፤ ስለዚህም ማንም ደጁን አይዘጋባትም።

ያ አውግስጢኖስ ራሱ ወደ ሮም የመጣው እናቱን ዋሽቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ383 በካርታጎ ወደብ ላይ ሞኒካ ልጇን አለቅም ብላ ስትይዘው፣ ነፋስ የሚጠብቅ ወዳጁን የሚሸኝ መሆኑን ነገራት። ሴትዮዋ በአቅራቢያው በሚገኝ የቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ስትጸልይና ስታለቅስ አደረች፤ ልጇ በዚያው ሌሊት መርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ይህን «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ራሱ ነው የጻፈው። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ፣ ስለ ውሸት አንድ ድርሳን ደረሰ። ውሸትን በስምንት ዓይነት ከፋፍሎ፣ ሰውን ለማዳን የሚነገረውን እንኳ ሳይቀር፣ አንዱንም አልፈቀደም። ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ ጀርመናዊው ካንት በ1797 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ከዚሁ አቋም ላይ ቆመ፤ ነፍሰ ገዳይ እንኳ የምታሳድደው ሰው ቤቴ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ መዋሸት አይገባም አለ።

እኔ እንኳ ከሁለቱ ጋር እስከዚያ ድረስ አልሄድም። ነፍሰ ገዳይ ደጄን ቢያንኳኳ እዋሻለሁ፤ ንስሐውንም በኋላ አስብበታለሁ። ዳሩ ግን እናት ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። እናትን «እንዳታዝን» ብሎ መዋሸት በትሕትና የተሸፈነ ፍርድ ነው። ይህች ሴት እውነትን የምትሸከምበት ትከሻ የላትም ብሎ በሌለችበት መወሰን ነው። እትዬ እውነቱን ቢሰሙ ሊያዝኑ ይችሉ ነበር፤ ሊቆጡም ይችሉ ነበር፤ ወይም ሊስቁ። ልጁ የነጠቃቸው ይህን ሁሉ ነው፤ የማዘን መብታቸውንም፣ የይቅርታ መብታቸውንም።

ሌላም ነገር አለ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ቢዋሹ እንኳ ዓይን ያርማቸዋል። ልጅ «ደህና ነኝ» ሲል እናት ፊቱን አይታ፣ ገበታው ላይ የተረፈውን እንጀራ አይታ፣ ሌሊት ሲሳል ሰምታ ልኩን ታውቃለች። በሩቅ ሀገር ያለው ልጅ ግን ለእናቱ ቃል ብቻ ነው። ፊቱ ቃል ነው፤ ጤናው ቃል ነው፤ የበላው ምሳ ቃል ነው። እናትየው ስለ ልጇ የምታውቀው ሁሉ የተገነባው እሱ ከነገራት ነው። ከዚህ ግንብ ውስጥ አንዲት ድንጋይ ሐሰት ሆና ብትገኝ የሌሎቹን እውነተኛነት በምን ትለያለች? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው በጎረቤት ቢሆን ነው፤ ከባሕር ማዶ ሲሆን ደግሞ ወለምታው የት ጋ እንዳለ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ርቀት የውሸትን ክብደት የሚያቀልል ቢመስልም፣ እንዲያውም ያከብደዋል።

* * *

እስከዚህ የጻፍሁት ልጁን በሚመለከት ነው። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ወደ ቀረነው።

የልጁ አያት፣ የእትዬ እናት፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አርፈዋል። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ቀብሩ በተፈጸመ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌዎች መከሩ። ልጁ ባዕድ ሀገር ነው፤ ብቻውን ነው፤ ፈተናም አለበት፤ አይነገረው ተባለ። ክረምት ሲመጣ በወጉ እናረዳዋለን ተባለ። ሁላችንም ተስማማን። እኔም ከተስማሙት አንዱ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ወር ያህል ልጁ በደወለ ቁጥር «አያቴስ?» ይላል። እትዬም፣ «ደህና ናት፤ ሰላም ትልሃለች» ይላሉ። በዚያች በመጋቢት 22 ምሽትም፣ ከምስሩ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ይህንኑ ጠይቆ ይህንኑ መልስ አግኝቶ ነበር። በአንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ ምሽት፣ ልጅ በጾም እናት በሞት ተዋሽተዋል። ሁለቱም ያደረጉት ስለ ፍቅር ነው። እሱ በልቼ አለሁ ያላለውን ሥጋ ደበቀ፤ እሳቸው ደግሞ ጥቁር ልብሳቸውን።

በሐምሌ መጣ። በመጣ በማግሥቱ ሊነጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱ ገባ። ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያንን ሰዓት ያውቀዋል፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አልጋው ዙሪያ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ሲያይ ማንም ሳይናገር ያውቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡና ቤት ተቀምጠን የፋሲካውን ቀን ያወጋኝ ያን ጊዜ ነው። ወሬውን ሲጨርስ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ አንተም ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት።

«በሚያዝያ ስንነጋገር አያቴን ሰላም በልልኝ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«እሺ ነበር ያልከኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ያ «እሺ» ነው።

የመርዶ ወጋችንን ላፈርስ አልተነሳሁም። ወጉ ጥበብ አለው። ሰው ኀዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲሰማ የሚደግፈው እጅ በአጠገቡ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው። የጥንቱ ሰው ግን መርዶን የሚያቆየው ለአንድ ሌሊት፣ ቢበዛ መንገደኛው እስኪደርስ ድረስ ነበር። በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገሩ፣ የሞተችን ሴት ሰላም እያስባሉ አምስት ወር መክረም ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ሲሆን ወጉ ይቀርና ከልጁ ያልተፈቀደ ልቅሶ መንጠቅ ይሆናል። ለሚያለቅስበት ሰውነቱ ራርተንለት ሳይሆን፣ ነጋሪ መሆን እኛን ስለሚከብደን የምንደብቅበትም ጊዜ አለ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበርሁ።

ሮም ውስጥ፣ ፒያሳ ናቮና አጠገብ፣ በአውግስጢኖስ ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሞኒካ መቃብርም እዚያ ነው። ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በሮም ወደብ በኦስቲያ አረፈች። ሆኖም በካርታጎ የዋሻት ልጅ በዚያን ጊዜ በአጠገቧ ነበረ፤ በነጋሪ አልሰማም፤ ዓይኗን የከደነው እሱ ነው። የእኛ ልጅ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሦስት ጊዜ ገብቷል። «አሁን ስመለስ እንደገና መግባት እችል እንደሆነ አላውቅም» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ለእናቱ ስለ ምስሩ ነገራቸው። የሆነውን የሰማሁት ከእትዬ ነው። መጀመሪያ «ሴትዮዋ ምን ያህል ልጅ አላት?» ብለው ጠየቁት። አንድ ነው፣ እሱም ሩቅ ነው አላቸው። «እንግዲያ ባትበላላት ነበር የምቀየምህ» አሉት። ቀጥለው ግን ዝም አሉ። «ከእንግዲህ ደህና ነኝ ስትለኝ በምን ልመንህ?» አሉት። እሱም መልሶ፣ «አንቺስ ደህና ናቸው ስትይኝ?» አላቸው። እናትና ልጅ ተያይተው አለቀሱ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ የማን እንባ ለየትኛው ነገር እንደነበረ መለየት አልቻሉም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን በዚያው ሳምንት ይነገራል። ኀዘን ከሆነ ግን ልጁ ብቻውን እንዳይሰማ፣ እትዬ አስቀድመው ሮም ላለ አንድ ሐበሻ ይደውሉና ሰውየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ይነገረዋል። እነሆ፣ ወጉም አልፈረሰም፤ እውነቱም አልዘገየም። እኛ ሽማግሌ ሰብስበን ያላገኘነውን መላ አንዲት እናት በአንድ ማታ አገኙት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከመነሻዬ የተናገርሁትን ላስተካክል። ከሀገር የሚወጣ ሰው የሚያየውን ሰው ያጣል ብዬ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እሱ ከእኛ ዓይን በተሰወረ ቀን እኛም ከእሱ ዓይን ተሰውረናል። ቀለበቱ በእሱ ጣት ብቻ ሳይሆን በእኛም ጣት አለ። እኛ ግን ከሄደው ልጅ እውነትን እንጠብቃለን እንጂ የራሳችንን እጅ አንመለከትም። ስለ ስደተኛው ልጅ ምግባር በየቡናው ከመፍረዳችን በፊት፣ ባለፈው ሳምንት በስልክ ምን ብለን እንደሸነገልነው ብናስታውስ መልካም ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ ዋሉ። ልጁ ያን ምሽት ሲደውል እናቱ እንደ ልማዳቸው ምን በላህ አሉት። የበግ ሥጋ፣ ከሴትዮዋ ጋር አላቸው። እሳቸውም ዶሮ መብላታቸውን ነገሩት። ያን ዓመት እውነት መናገር ቀላል ነበር፤ ስሌቱ ራሱ ረድቷቸዋል። በ2018 ዓ.ም. ግን በሁለቱ ፋሲካ መካከል እንደገና አንድ ሳምንት አለ። ቃል የሚፈተነውም እንዲህ ባለው ሳምንት ነው።